አልደረሰም የተባለው ገንቦ

ተረት አለኝ። አፍ የኔ፣ ጆሮ የናንተ። ሁለቴ አልናገርም፤ እንቅልፍ የመጣበት አሁኑኑ ይተኛ።

ድሮ ነው። ድሮም ድሮ፣ ዝንጀሮ ሰውን ሳይፈራ፣ ሰውም ሹምን ሳይንቅ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የወይን አገር ነበረ። በዚያ አገር ወይን የሌለው ቤት ጣሪያ የሌለው ቤት ማለት ነው። ሐረጉ በወይራው ላይ ይወጣል፤ ዘለላው በደጅ ይንጠለጠላል። ሲበስል ይለቀማል፣ ይጨመቃል፣ ይጠነሰሳል፣ ይጠልላል። ከዚያ ወደ ሸክላ ገንቦ ይገባል። የገንቦው አፍ በሰም ይደፈናል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይመረጋል። ጓዳ ውስጥ እስከ አንገቱ ይቀበራል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ጊዜ ብቻ ይነካዋል።

በዚያ አገር ቢምረው የሚባል ገበሬ ነበረ። ቢምረው ብዙ አይናገርም። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ያን ብሎ ወደ ሞፈሩ ይዞራል። ሰው፣ «የቢምረው ምላስ ውድ ናት፤ በበዓል ብቻ ነው የምትወጣው» እያለ ይቀልድበት ነበር። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች። እሷ የእሱንም ድርሻ ትናገር ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ስሟ ብርቄ።

ብርቄ ክርስትና የተነሣች ዕለት ቢምረው ሦስት ገንቦ ወይን ጓዳው ውስጥ ቀበረ።

«ይህ የልጄ ነው። በሠርጓ ቀን ይከፈታል» አለ።

በዚያ ዓመት ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ ያሰነበተውን ገንቦ በአማቾቹ ፊት ይከፍታል። ምርጊቱን በገዛ እጁ ይሰብራል። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል። ቀጥሎ ዋንጫ ሞልቶ ልጁን ይመርቃል። ገንቦ የለም ማለት ምርቃት የለም ማለት ነው። ያልተመረቀች ሙሽራ ደግሞ አማት ደጅ አትገባም። ሽማግሌዎቹ በቅሏቸውን አዙረው ይመለሳሉ፤ ልጅቱም ካባቷ ቤት ታረጃለች።

ሌላም ደንብ ነበረ። ሳይደርስ የተከፈተ ወይን ሆድ ይነፋል፣ ሠርግ ያበላሻል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች፣ «ከድግስ በፊት ሹሙ ይቅመስ» ብለው ነበር። ሹሙ አንድ ጉንጭ ይቀምሳል። «ደርሷል» ካለ መርቆ ይሄዳል። «አልደረሰም» ካለ ያ ገንቦ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ይደፋል። ደንቡ ጥሩ ነበር። ደንብ ጥሩ የሚሆነው ግን ሹሙ ጥሩ ሲሆን ነው።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አምባው ይባላል። ቤቱ ከቢምረው ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሆዱ ሁልጊዜ ከራሱ ቀድሞ በር ይገባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በየማለዳው እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። የማንንም ገንቦ ቀምሶ «ደርሷል» ብሎ አያውቅም። የራሱንም ገንቦ ለማንም ከፍቶ አያውቅም።

ብርቄ ደረሰች። ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉ ተቆረጠ። ወሬው አጥር ዘለለ። ጭቃ ሹም አምባው ሎሌዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አለች ስንዱ።

«ለሠርጉ ያሰነበታችሁትን ልቀምስ መጣሁ። ደንብ ነው። ክፈት፣ ቢምረው።»

ቢምረው ተነሣ። አንዱን ገንቦ ቆፍሮ አወጣ። ምርጊቱን ሰበረ። ሰሙን አነሣ። ቤቱ በወይን ሽታ ተሞላ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። መጀመሪያ ጣፈጠው፤ ቀጥሎ ምላሱን ያዝ አደረገው፤ ከዚያ ደረቱን አሞቀው። ልጁ ያደገችበት ዘመን በሙሉ በጉሮሮው ወረደ። ዋንጫ ሞልቶ ለሹሙ ሰጠ።

አምባው ጨለጠው። ከንፈሩን ላሰ።

«እህ… ምላሴ ገና አልነቃም። ድገመኝ።»

ደገመው።

«አሁን ነቃ። ነገር ግን በደንብ አልለየሁትም። ሠልስልኝ።»

ሠለሰለት።

«አልደረሰም» አለ አምባው። «ልጅ ነው። ለእንግዳ አይሆንም።»

«እንግዲህ ሊደፋ ነው?» አለች ስንዱ።

«ምን በወጣው! ከሚደፋ እኛው እንታገለው እንጂ። ሆዳችንን ቢነፋንም ለአገር ስንል ነው። ኑ፣ ልጆች!»

እሱና ሎሌዎቹ እስከ አተላው ታገሉት። ሲወጡ በሩ ጠበባቸው።

ቢምረው ባዶውን ገንቦ አንሥቶ ጥግ አስቀመጠ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አምባው ተመለሰ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አለች ስንዱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«ያኛው አልደረሰም። ይህኛው ምናልባት… ክፈት፣ ቢምረው።»

ቢምረው ሁለተኛውን ቆፍሮ አወጣ። ምርጊቱን ሰበረ። ሰሙን አነሣ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ይኸኛው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ዋንጫ ሞልቶ ሰጠ።

«ድገመኝ።»

ደገመው።

«ሠልስልኝ።»

ሠለሰለት።

«አልደረሰም» አለ አምባው። «የዚህ ቤት ወይን ምን ነካው? ኑ፣ ልጆች።»

ብርቄ ጥጧን እየፈተለች ጥግ ተቀምጣ ነበር። አላስቻላትም።

«ጋሼ አምባው፣ ያልደረሰ ነገር እንዲህ የሚጠጡት ጣፍጦዎት ነው?»

«ጣፍጦኝ አይደለም፣ ልጄ» አለ አምባው ጢሙን እየጠረገ። «አዝኜ ነው።»

ሎሌዎቹ ሳቁ። ሄዱ። ሲሄዱ አምባው ከደጅ ሆኖ፣ «ሦስተኛውን ለመቅመስ ሰሞኑን እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ስንዱ ባዶውን ገንቦ አቅፋ አለቀሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ተናገር እንጂ! የቀረችን አንዲት ናት። የዘንድሮውን ዘለላ በረዶ መታው፤ ሌላ ከየት ይመጣል? እሷንም ከጠጣት ልጄ ሳትመረቅ ልትቀር ነው። ማሳ ውስጥ እንቅበራት።»

«የተደበቀ ገንቦ የሌባ ገንቦ ይመስላል።»

«እንግዲያስ ሂድና ክሰስ! ግን ምን ዋጋ አለው፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«አምባው ንጉሥ አይደለም» አለ ቢምረው።

በማግስቱ በሬዎቹን ጠመደ። እያረሰ አሰበ። አንድ ትልም አወጣ፤ አምባው አልደረሰም አለ። ሌላ ትልም አወጣ፤ አምባው አሁንም አልደረሰም አለ። በሦስተኛው ትልም መካከል እርፉን ያዝ አደረገና ቆመ።

«ይህ ሰው ምንም ቢያጠጡት አልደረሰም ነው የሚለው» አለ ለበሬዎቹ።

ቀንበሩን ፈታ። በቀጥታ ወደ አምባው ቤት ሄደ።

አምባው ቤት አልነበረም፤ የሌላ ሰው ገንቦ ሊቀምስ ወጥቷል። ሚስቱ ወይዘሮ ላቀች ደጅ ተቀምጣለች። ላቀች የብርቄ ክርስትና እናት ናት።

«እመት ላቀች፣ የክርስትና ልጅዎ ልትዳር ነው» አለ ቢምረው።

«ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል።»

«በደንባችን የክርስትና እናት አንድ ገንቦ ታስገባለች።»

ላቀች ሳቀች። «አንተም ትናገራለህ ለካ! ገንቦስ አለኝ። ብርቄ ሳትወለድ በዚህ እጄ የጨመቅኩት፣ በዚህ እጄ የመረግኩት። ጭቃ ሹሙ ግን፣ ‹የደጃዝማቹ ነው፤ ሲመጡ ከፍቼላቸው ሹመት ይጨምሩልኛል› ይላሉ። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ ደጃዝማቹ አልመጡም። እሳቸው የሰው ወይን ጠጥተው እያገሱ ይገባሉ። እኔ የገዛ እጄን ሥራ ሽታውን እንኳ አላውቀውም።»

«ጭቃ ሹሙ እንዳይቆጡዎት።»

«ገንቦ ለጨመቀው ነው። ሠርጉም የልጄ ነው። በሠርጉ ማለዳ አመጣዋለሁ።»

«ቢጠይቁዎትስ?»

«ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። ግን እስከ ዛሬ ምን ይዘሽ ሄድሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚጠይቁት ምን ይዘሽ መጣሽ ነው።»

ቢምረው እጅ ነሥቶ ወጣ። መንገድ ላይ አምባውን አገኘው።

«ጌታዬ፣ ቤት ድረስ አይድከሙ። በሠርጉ ቀን በዳሱ ውስጥ፣ በአማቾቼ ፊት ይቅመሱልኝ።»

አምባው ደረቱን ነፋ። «ይኸው! አሁን ገና ሰው ሆንክ። አገር እያየኝ እቀምሳለሁ።»

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ተጥሏል፣ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ጭቃ ሹም አምባው ከሙሽራው ቀድሞ መጥቶ፣ ትልቁን መደብ ይዞ ተቀምጧል። እሱ ከቤቱ እንደ ወጣ ላቀች ገንቦዋን በገረዷ አሸክማ በጓሮ በር ገባች። መጠጡ ካለበት መጋረጃ ጀርባ አስቀመጠችው።

የሙሽራው ወገኖች መጡ። በሽማግሌነት የመጡት አባ ዋሴ የሚባሉ ሰው ናቸው። ጥርስ የላቸውም፤ ፀጉራቸው የተባዘተ ጥጥ መስሏል። አገሩ ሁሉ የተጣላውን የሚያስታርቀው በእሳቸው ነው። ብርቄ በእናቷ አጠገብ ሻሿን አውርዳ ተቀመጠች።

ቢምረው ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። የላቀችን ገንቦ ምርጊት ሰበረ። ሰሙን አነሣ። ሽታው መጋረጃውን አልፎ ወጣ፤ በዳሱ ውስጥ ጨዋታው ቆመ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ራሱን ነቀነቀ። ዋንጫ ሞልቶ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይቅመሱልን።»

አምባው የየትኛው ገንቦ ነው ብሎ አልጠየቀም። ሆድ ሲቸኩል ዐይንም ጆሮም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጨለጠው። ዐይኑ እንደ ፋና በራ። ቢምረው አየው።

«ልጅ ነው» አለ አምባው።

«አጥብቀው ይቅመሱ፣ ጌታዬ።»

ሁለተኛ ዋንጫ ተቀዳ። አምባው እየተጎነጨ ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ ወዛ።

«ውሃ ነው» አለ። «የጎርፍ ውሃ።»

«ጌታዬ፣ አገር እየሰማ ነው። ለመጨረሻ አጥብቀው ይቅመሱ።»

ሦስተኛ ዋንጫ ተቀዳ። አምባው ዋንጫውን ገልብጦ ጠብታዋን በምላሱ ጠበቃት። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«አልደረሰም! ለእንግዳ ቀርቶ ለውሻ አይሰጥም! ይህን የጨመቀች እጅ ትቆረጥ! በሉ፣ ገንቦውን ወዲህ አምጡት፤ እኔና ልጆቼ እንገላገለዋለን።»

የሙሽራው አባት ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ ገንቦ ከሌለ ምርቃት የለም» ብሎ ኩታውን ሰበሰበ። ሚዜዎቹ ተነሡ። ብርቄ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች።

«ተቀመጡ» አሉ አባ ዋሴ። «በቅሎው የትም አይሄድም። የሚደፋ ነገር ከሆነ እኔም ልቅመሰው። ጥርስ የለኝም እንጂ ምላስ አለኝ።»

ቢምረው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረገላቸው። ቀመሱ። ለአጠገባቸው ሽማግሌ አስቀዱ፤ እሱም ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። ለሦስተኛው አስቀዱ፤ ያኛው መዳፉን ላሰ።

«እኔ ያልሸመገልኩበት ሠርግ የለም» አሉ አባ ዋሴ። «እንዲህ ያለ ወይን ግን አልቀመስኩም። ቢምረው፣ ያንተ እጅ ነው?»

«አይደለም፣ አባቴ።»

«የማን ነው?»

መጋረጃው ተገለጠ። ላቀች ወጣች።

«የኔ ነው» አለች። ሁለት እጇን ዘረጋች። «የሚቆረጠው እጅ ይኸውላችሁ።»

ላቀች ባሏን አንቱ ስትል ኖራለች። ያን ቀን አንቱታው አለቀ።

«አንተ አምባው፣ ስንት ክረምት ደብቀህ ያኖርከውን የጓዳህን ገንቦ ነው ለውሻ አይሰጥም ያልከው። ለክርስትና ልጄ አመጣሁት።»

አምባው ጭንቅላቱን ያዘ። «የደጃዝማቹን ገንቦ! እሱን ከፈታችሁት? ወይኔ! በአገር የሌለ ወይን! ወርቅ የማይገዛው ወይን!»

«ቁጭ በል» አሉ አባ ዋሴ። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ደርሷል፣ ወይስ አልደረሰም?»

አምባው ወደ መጋረጃው አየ።

«አልደረሰም ካልክ» አሉ አባ ዋሴ፣ «ለውሻ የማይሰጥ ነገር ነውና አሁኑኑ ደጅ ይደፋል። የሚደፋ ነገር ደግሞ ወይኔ አይባልለትም። ደርሷል ካልክ፣ በአገር ፊት ሦስቴ ዋሽተሃል። የቢምረውንም ሁለት ገንቦ በውሸት ነው የጠጣኸው። ምረጥ።»

አምባው ሎሌዎቹን አየ፤ ሎሌዎቹ ሣሩን አዩ። ሚስቱን አየ፤ እጇን እንደ ዘረጋች ነው። አባ ዋሴ በዐይናቸው ጠቀሱ። ሁለት ጎረምሶች ገንቦውን ከመጋረጃው ጀርባ አውጥተው ወደ ደጅ ተሸከሙት። አዘነበሉት።

«ተው! አትድፉት!» ብሎ ጮኸ አምባው። «ደርሷል!»

«እኔ አልሰማሁም፤ አርጅቻለሁ» አሉ አባ ዋሴ።

«ደርሷል!»

«ሙሽራዋም አልሰማችም።»

«ደርሷል! ደርሷል አልኩ እኮ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሚዜዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። የሙሽራው አባት እንኳ ኩታውን ፈታ።

«እንግዲያስ መርቅ» አሉ አባ ዋሴ። «ሹም ደርሷል ካለ መርቆ ይሄዳል። ደንቡ ያንተ ነው።»

አምባው መረቀ። ምን ያድርግ! «ትዳራችሁ ይባረክ» አለ፤ ሕዝቡ «አሜን» ብሎ ከገንቦው ቀዳ። «ውለዱ፣ ክበዱ» አለ፤ ሕዝቡ «አሜን» ብሎ ቀዳ። «ዕድሜ ይስጣችሁ» አለ፤ «አሜን» ተባለ፣ ገንቦው አተላው ታየ። ለመራቂው ጠብታ አልተረፈም። ላቀች ግን አንድ ዋንጫ ሞልታ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ቀስ እያለች ጠጣችው። ዋንጫዋን ስታስቀምጥ፣ «እጄስ እጅ ነው» አለች።

ከዚያ ቢምረው ወደ ጓዳው ገባ። ሦስተኛውን ገንቦ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አወጣ። በአማቾቹ ፊት አስቀመጠው። ምርጊቱን ሰበረ። ሰሙን አነሣ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ማንም «ድገመኝ» አላለም። ዋንጫ ሞልቶ ወደ ልጁ ዞረ።

«ልጄ» አለ። «ቤትሽ ይሙላ። አፍሽ ከልብሽ አይለይ።»

«አሜን» አለ ሰው።

ብርቄ ተጎነጨች። ዋንጫውን ለሙሽራው አባት አቀበሉት። እሱም ቀመሰና ዋንጫው ውስጥ አየ።

«አማቼ» አለ፣ «ይህን የመሰለ ነገር ጓዳህ ተቀምጦ፣ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሳትነካው ኖርክ?»

«የኔ ስላልሆነ» አለ ቢምረው።

ሙሽራዪቱ በዘፈን ተሸኘች። አማቷ ቤት ገባች፤ ወለደች፣ ከበደች።

አምባውን ሽማግሌዎቹ አልማሩትም። በተከታዩ ዓመት የወይን ለቀማው ሲደርስ ሁለት ገንቦ ጨምቆ፣ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ለቢምረው አስገባ። ሎሌዎቹ ሊያግዙት ቢፈልጉ አልተፈቀደም። የሹም ቅምሻም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሠርግ ወይን የሚቀምሱት ሦስት ሽማግሌዎች ሆኑ፤ እነሱም በመዳፍ እንጂ በዋንጫ አይደለም። ወሬው ደጃዝማቹ ዘንድ ሲደርስ ሹመቱን አንሥተው ለሌላ ሰጡት። አምባው በመንደሩ ሲያልፍ ሴቱም ወንዱም፣ «አያ አምባው፣ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» ይሉታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

እግር ወለም ቢል ወጌሻ አለ፤ ቅቤ አለ፤ ይታሻል፣ ይድናል። አምባው ግን የታመመው ከአፉ ነበር። ለዚህ ነው አባቶች፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚሉት።

ተረቴን እዚህ ላይ ከደንኩት። የሰማ ለልጁ ይክፈተው።